የአብራሪው እጅ እንዲያርፍ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሰው ሀብት ክፍል የሰጠኝ ቅጽ ላይ «የመጨረሻ የሥራ መደብ» የሚል መስመር ነበረበት። «የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን» ብዬ ሞላሁ። ከሥሩ «ልዩ ሙያ» ይላል። እዚያ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ጸሐፊዋ ወረፋው ረዝሞባት ነው መሰለኝ፣ «ጋሽ መርክነህ፣ ከሌለ ሰረዝ ያድርጉበት» አለችኝ። ሰረዝ አድርጌ ፈረምኩና ወጣሁ።

ከግቢው በር ሳልደርስ ቆጨኝ። ልዩ ሙያማ አለኝ። የጦር አውሮፕላን ትሪም ነው ሙያዬ። በወጣትነቴ በእውነተኛ ጄት ጭራ ላይ ሠራሁበት፤ በስተርጅና ደግሞ እዚሁ ሶዶ፣ ኮምፒውተር ውስጥ በሚበር ጄት ላይ። በሁለቱ መካከል ከሠላሳ ዓመት በላይ አለ። እንዴት ብዬ በአንድ መስመር ልጻፈው?

ትሪም ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ሁልጊዜ የምነግረው የአባቴን ጋሪ ነው። አባቴ ሁምቦ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነበር። የበቆሎ ጆንያ ጭኖ ሲጨርስ አህያውን ከማሰሩ በፊት የጋሪውን ሁለት እንጨቶች በእጁ ብድግ ያደርጋል። ከከበደው ጭነቱ ወደ ፊት በዝቷል፤ መንገዱን ሙሉ የአህያውን ጀርባ ሲጫን ይውላል። እንጨቱ ወደ ላይ ከሸሸበት ጭነቱ ወደ ኋላ በዝቷል፤ የሆዱ ጠፍር እንስሳውን ያንቀዋል። አንዷን ጆንያ ስንዝር ያህል ገፋ ያደርግና ደግሞ ያነሳል። እንጨቱን በሁለት ጣት መያዝ ሲችል «ሎኦ!» ይላል። በወላይትኛ ጥሩ ነው ማለት ነው።

አውሮፕላንም እንዲሁ ናት። ጭራዋ ላይ ግራና ቀኝ የተዘረጋ አግድም ክንፍ አለ። የዚህ ክንፍ የኋላ ክፍል ወደ ላይና ወደ ታች ይታጠፋል፤ ኤሌቬተር ይባላል። አፍንጫዋን የሚያነሳትም የሚደፋትም እሱ ነው። አብራሪው በመሪው ዘንግ ይስበዋል፣ ይገፋዋል። ታዲያ ፍጥነት በተለወጠ ቁጥር፣ ነዳጅ በጎደለ ቁጥር አፍንጫዋ ወይ ልነሳ ወይ ልደፋ ትላለች። አብራሪው በክንዱ ሲታገላት ሊውል ነው። ይህን ሸክም ከክንዱ ላይ የሚያወርድለት ትሪም ነው። በኤሌቬተሩ ጫፍ ላይ ከክንድ የማትረዝም ጠፍጣፋ ብረት አለች፤ እኛ ቅጠል እንላታለን። ትንሽ ሞተር ያንቀሳቅሳታል። ነፋሱ ቅጠሏን ይገፋል፣ ቅጠሏ ኤሌቬተሩን ትገፋለች፣ የአብራሪው እጅ ያርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቅጠሏ ወደ ታች ስትሄድ ነፋሱ ኤሌቬተሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የአውሮፕላኗ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል። ማለትም ቅጠሏና አፍንጫው ተቃራኒ ናቸው። ለዓይን ስህተት ይመስላል፤ ትክክሉ ግን እሱ ነው። የሥራ ዘመኔ ሁሉ በዚች ነገር ላይ ነው የተንጠለጠለው።

በአሥራ ስምንት ዓመቴ ተመልምዬ የገባሁበትን የአውሮፕላን ጣቢያ ስም አልጽፍም። የጭራ ክፍል አለቃችን ሻምበል ባሻ ተሰማ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ብዙም የማይበልጥ ሰው። የመጀመሪያ ቀን ጣቶቼን አገላብጠው አዩና ጥፍሬን አስቆረጡኝ። «ጥፍር ዳሰሳን ያሳስታል» አሉኝ። እሳቸው የቅጠሏን ማጠፊያ ሲመረምሩ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ያሳርፉባታል። ልቅ የሆነ ብሎን ካለ ዓይን ሳያየው መዳፋቸው ያገኘዋል። አማርኛዬ ያኔ ገና ስለነበር አውሮፕላኗን አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ እላታለሁ። ጓዶቼ ሲስቁብኝ እሳቸው፣ «ምንም በላት፤ ብቻ በደንብ ጠግናት» ይሉኝ ነበር።

ሞተሩን ሲፈትሹ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ቅጠሏ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ለመሄድ አሥራ አራት ቁጥር ይፈጅባታል። አሥራ ስድስት ከደረሰ ሞተሩ ደክሟል፤ አሥራ ሁለት ላይ ከጨረሰ የተበላ የማርሽ ጥርስ አለ። ይህ በመመሪያው መጽሐፍ በሰከንድ ተጽፏል፤ እሳቸው ግን ሰዓት አይዙም። እኛም በእሳቸው አቆጣጠር መቁጠር ለመድን፤ ሁላችንም በአንድ ፍጥነት እንቆጥር ነበር።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ የጠገነ እጅ አይፈትሽም፤ ሌላ ሰው ይፈትሻል። ሁለተኛው ጥያቄ ነው። «ተንቀሳቅሷል» ብለን ስንነግራቸው «ወዴት?» ይላሉ። ሁልጊዜ። ሥራው ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ «ወዴት?» ካልተመለሰላቸው አይፈርሙም።

አራተኛው ዓመቴ ላይ ሻምበል ባሻ ለእናታቸው ቀብር ፈቃድ ወጡ። በዚያ ሳምንት የአንዲት ባለ ሁለት መቀመጫ ማሰልጠኛ ጄት የትሪም ሞተር ተቃጠለ። አዲሱን ሞተር እኔ ገጠምኩ። ሁለቱን ሽቦዎች አማታሁ፤ ቀዩ በሰማያዊው ቦታ፣ ሰማያዊው በቀዩ ቦታ። አብራሪው ለመብረር መጥቶ ቆሟል። የሚፈትሽ ሁለተኛ ሰው ፈለግሁ፤ ጓደኛዬ ሌላ አውሮፕላን ሥር ተኝቶ ይሠራል። «ፈርምልኝ፣ እኔው አየዋለሁ» አልኩት። ሳያይ ፈረመ። ኮክፒት ገብቼ ቁልፉን «አፍንጫ ወደ ላይ» ላይ ገፍቼ አንገቴን አዙሬ አየሁ። ቅጠሏ ወደ ላይ ሄደች። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ። ለዓይኔ ልክ መሰለኝ። ደስ ብሎኝም ወረድኩ።

አብራሪው መቶ አለቃ ይልማ ነበር፤ ከእኔ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቢበልጠኝ ነው። ከመነሳቱ በፊት አብራሪ ቁልፉን «አፍንጫ ወደ ላይ» ላይ ይጫናል፤ መካኒኩ ከኋላ ቆሞ ቅጠሏ የሄደችበትን አቅጣጫ በእጁ ያሳየዋል። እኔ በእጄ አሳየሁት። እሱ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ሄደ።

ከመሬት ተነስታ ፍጥነት ስትጨምር አፍንጫዋ መነሳት ጀመረ። ይህ ያለ ነው። ይልማ ለማስተካከል ቁልፉን «ወደ ታች» ገፋ። ባሰ። ደግሞ ገፋ፤ ይበልጥ ባሰ። የትሪሙ ሞተር ራሱን ስቶ የሚሮጥ መሰለው። ለዚያ የተማረው ፊውዙን መንቀል ነው፤ ነቀለው። ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ቅጠሏ ያኔ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ እዚያው ቀረች። ከዚያ በኋላ መሪውን በሁለት እጁ፣ በደረቱም ጭምር ወደ ፊት እየገፋ ጣቢያውን ዞሮ መጣ። እኛ ከታች ሆነን አፍንጫዋ ሽቅብ ሲል ሲደፋ፣ ሽቅብ ሲል ሲደፋ እናያለን። መሬት ልትነካ ስትል ክንዱ ከዳው። አፍንጫዋ ቀና አለ፤ ፍጥነቷ አለቀ፤ ከቤት ጣሪያ ከፍታ ላይ ወደቀች። የፊት ጎማዋ እግር ተሰበረ።

ይልማ በሕይወት ወጣ። አከርካሪው ተጎድቶ ወደ ዋናው ሆስፒታል ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲያ አልበረረም። እኔም አላየሁትም። ልጠይቀው ሁለት ጊዜ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመለስኩ።

ሻምበል ባሻ ከቀብሩ ሲመለሱ አልጮሁብኝም። ወደተሰበረችው አውሮፕላን ወሰዱኝ፤ ቁልፉን ሌላ ሰው አስጫኑና መዳፌን ቅጠሏ ላይ አስቀመጡት። ከእጄ ሥር ወደ ላይ ሄደች። «ወዴት?» አሉኝ። በምርመራው ላይ ግን፣ «ሁለተኛ ፈታሽ በስም ሳልመድብ ፈቃድ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ብለው ተናገሩ። እኔ ለሦስት ወር ከመፍቻ ታገድኩና ሃንጋር ጠራጊ ሆንኩ። እሳቸውን ከአውሮፕላን አነሱና ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቧቸው። ሠራዊቱ እስኪበተን እዚያው ብሎን ሲያድሉ ኖሩ። ብሎን ልቀበል በሄድኩ ቁጥር እጄን ጨብጠው «ደህና ነህ?» ይሉኛል። ከዚያ ሌላ አይሉኝም።

መንግሥት ሲለወጥ ሁላችንም ወደየአገራችን ተበተንን። እኔ በዴሳ ከተማ የእህል ወፍጮ ጥገና ሠራሁ፤ ሃላሌ የውኃ ፓምፕ ጠባቂ ሆንኩ። የሃላሌው አለቃዬ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር፤ ፓምፑ ቢቆም አይቆጣም፣ ሪፖርቱ ከዘገየ ግን እንቅልፍ የለውም። የበዴሳው ወፍጮ ባለቤት ደግሞ ወላጆቻቸው ከጉራጌ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ዲናሞ ጠግኜ ሽቦ ልገጥም ስል ሦስት ጊዜ ስለማይ፣ «አንተ ሰው፣ ወፍጮው እኮ አይበርም!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ለምን እንደማይ አልነገርኳቸውም። በመጨረሻ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት የወርክሾፕና የላቦራቶሪ ሥራ አገኘሁ፤ ልጆቼን ያሳደግሁትም በዚያ ነው።

ጡረታዬ ሁለት ዓመት ሲቀረው አንዲት የኮምፒውተር መምህርት፣ የማሽኗ ማቀዝቀዣ ይጮኻል ብላ ጠራችኝ። ሰላማዊት ትባላለች። ከደሴ ተመድባ የመጣች፣ ቀጭን መነጽር የምታደርግ፣ ስታስብ ጠረጴዛ የምትደበድብ ልጅ ናት። ጎንበስ ብዬ ማቀዝቀዣውን ስፈታ ስክሪኑ ላይ አንድ ጭራ አየሁ። ደነገጥኩ። ያቺው ጄት ነበረች፤ የተለጠፈችው ቅጠል ሳትቀር።

«መምህርት፣ ይቺ አሁን ወደ ላይ ልትወጣ ነው ወይስ ልትወርድ?» አልኳት።

«ልትወጣ፤ አፍንጫ ወደ ላይ ትሪም አድርጌባታለሁ። ምነው ጋሽ መርክነህ?»

«እንግዲያው ቅጠሏ ተሳስታለች። ወደ ታች ነው መሄድ ያለባት።»

ሳቀች። ከዚያ ስዕሉን ቀረብ አድርጋ አየችው፤ ወረቀት አውጥታ ነፋሱን በቀስት ሣለች። ሳቋ ቆመ። «ሦስት ሰው አይቶ አሳልፎታል» አለች። «እርስዎ አውሮፕላኗን ያውቋታል?»

«ጭራዋን አውቃታለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት የጦር አውሮፕላን ሲሙሌተር ይሠራል፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ መሪ ይዞ፣ በኢንተርኔት ከሌላው ጋር በአየር ላይ የሚዋጋበት። ሰላማዊት ከማስተማሩ በተረፈ ሰዓቷ የዚያችን ጄት ባሕርይ በኮምፒውተር ቋንቋ ትጽፍላቸዋለች። መሪውና ሞተሩ ተወደውላታል። ትሪሙ ግን አልሆነም። የድርጅቱ ፈታኞች ጡረታ የወጡ አብራሪዎች ናቸው፤ «የሆነ ነገር ውሸት ነው» ከማለት በቀር ምን እንደሆነ አይነግሯትም። ካላስተካከለች ጄቷ ለሌላ ሰው ልትሰጥባት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሰዓት በኋላ አብረን መቀመጥ ጀመርን። መጀመሪያ የተጫዋቾችን ውጊያ አሳየችኝ። ሁለት ጄቶች አንዱ የሌላውን ጭራ ለመያዝ ክብ እየሠሩ ይሳደዳሉ። ድንገት አንደኛው እንደ ወፍ እጥፍ አለና የሌላው ጀርባ ላይ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘዴ ነው፤ ትሪሙን የጨዋታ መሪያቸው ላይ ካለ መዘውር ጋር አስረው በአንድ ጊዜ ያዞሩታል። መሪው ብቻውን ከሚሰጣቸው በላይ ይታጠፍላቸዋል።»

«በአንድ ጊዜ? ሞተሩ እኮ አሥራ አራት ነው!» ብዬ ተነሳሁ። ተቆጥቼ ነበር፤ በማን እንደተቆጣሁ አላውቅም። ሰላማዊት ስልኳን አውጥታ የሰከንድ መቁጠሪያውን ከፈተችና፣ «ይቁጠሩልኝ» አለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ በሻምበል ባሻ አቆጣጠር ቆጠርኩ። ሦስት ጊዜ አስቆጠረችኝ። ሦስቱም ጊዜ ስልኳ ላይ የወጣው እኩል ነበር፤ ትክ ብላ አየችኝ። ያንን ፍጥነት ለሞተሩ ሰጠችው፤ መዘውር የሚያዞሩት ዘዴያቸው በዚያው ቀረ።

ሁለተኛው ችግር ፍጥነት ነው። የእሷ ትሪም አውሮፕላኗ በዝግታ ብትሄድም ብትከንፍም እኩል ጉልበት ነበረው። ቅጠሏን የሚገፋት ነፋስ ነው፤ ነፋስ ከሌለ ብረት ብቻ ናት። ሸክሙ ከእጅ ላይ እንዴት እንደሚወርድ ለማስረዳት ጋሪውን ነገርኳት፤ ቅዳሜ ቀን ደግሞ ሁምቦ ይዣት ወረድኩ። አንድ ጋሪ ነጂ ለምነን እንጨቱን አስያዝኳት። ጆንያዋን ስንዝር ስገፋት እንጨቱ እጇ ላይ ሲቀል፣ «እ!» አለች። ያን ያህል ነገር ከአፌ ሰምታ አልገባትም ነበር፤ በእጇ ገባት።

ሦስተኛው ከሁሉ ከበደ። ቤት ውስጥ ያለው የጨዋታ መሪ ስፕሪንግ አለው፤ ሲለቁት ወደ መሐል ይመለሳል። በእውነተኛዋ ጄት ግን ትሪም ሲደረግ መሪው እጅህ ባለበት ቦታ ይቆያል፤ የሚጠፋው ክብደቱ ነው። ስለዚህ ከሞተር ሳይክል ካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክና ከሚኒባስ ዝናብ መጥረጊያ የወጣ ሞተር ፈልጌ ወርክሾፕ ውስጥ መሪ ሠራሁላት። ላስቲኩ የታሰረበትን ቦታ ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወስደዋል። ፍጥነት ሲጨምር ሌላ ሞተር ላስቲኩን ያጠብቀዋል። መብራት በጠፋ ቁጥር አቁመን እንጠብቃለን። ሁለት ወር ፈጀብን።

ሲያልቅ ግን አንድ ነገር ጎደለን። ላስቲኩ ምን ያህል ይክበድ? እኔ አውሮፕላኗን ከመሬት ላይ ነው የማውቃት። አንድ ቀን በርሬ አላውቅም።

«በእሷ የበረረ፣ እዚሁ መጥቶ መሪውን የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ብናገኝ» አለች ሰላማዊት። «አብራሪ አያውቁም?»

መፍቻዬን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። አንድ አውቃለሁ።

በቴሌግራም የድሮ ጓዶች ግሩፕ አለ። ከዚያ ውስጥ ስልኩን አገኘሁ፤ ሐዋሳ ነው የሚኖረው። ቁጥሩን ይዤ ስምንት ቀን ቆየሁ። በዘጠነኛው ደወልኩ።

«መርክነህ ነኝ፣ መቶ አለቃ። የጭራ ክፍሉ።»

«ወላይታው» አለ። «ምን ፈለግህ?»

ነገርኩት። ስለ ሲሙሌተሩ፣ ስለ ልጅቷ፣ ስለ ላስቲኩ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል መናገር አቃተኝ። አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «ረቡዕ እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው።

መናኸሪያ ስቀበለው ከዘራ ይዟል፤ ወገቡን ሳያጎብጥ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። እንደዚያ የሚሄደው በኩራት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጨበጠኝ። «ሸብተሃል» አለኝ። «እርስዎም» አልኩት። ባጃጅ ይዘን ግቢ ገባን።

መሪው ላይ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፍኖ ዘንጉን ወደ ፊት ወደ ኋላ አደረገው። «ቀለለ» አለ። ላስቲኩን አጠበቅሁ። «አሁንም።» ደግሜ አጠበቅሁ። አምስት ጊዜ ያህል እንዲህ ሆነ። ከዚያ «እ…» ብሎ ትከሻውን ዝቅ አደረገ። ሁለት ቀን ሙሉ በረረ። ሰላማዊትን «ልጄ፣ ጻፊ» እያለ ያስጽፋታል። ለማረፍ የክንፉ መታጠፊያ፣ ፍላፑ፣ ሲወርድ አፍንጫዋ ስንት እንደምትደፋ፣ ጋዝ ሲቀነስ ምን እንደምትሆን። ኢላማ ለመምታት ወደ መሬት ሲወረወሩ ትሪሙን የሚያስተካክሉት ከመወርወራቸው በፊት እንደሆነ ነገራት። «በዝግታው ትሪም ከገባሽ ፍጥነት ሲመጣ አፍንጫዋ ይነሳል፤ ጥይትሽ ከኢላማው አልፎ ይሄዳል። አስቀድመሽ ለምትደርሺበት ፍጥነት ታዘጋጂያታለሽ፤ እስክትደርሺ ገፍተሽ ትይዣታለሽ።» ሰላማዊት ይህንን በየትም መጽሐፍ አላገኘሁትም አለች።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እጁን ከመሪው አነሳ። ጄቷ በራሷ ቀጥ ብላ ሄደች። «ይቺ ናት» አለ። ሰላማዊት አጨበጨበች። እኔ ግን ፊቱን እያየሁ ነበር፤ ደስታ አልነበረበትም።

«አሁን አዙሪው» አላት።

«ምኑን?»

«የትሪሙን አቅጣጫ። ወደ ታች ሲባል ወደ ላይ እንዲሄድ።»

ሰላማዊት ወደ እኔ ዞረች። ምንም የምታውቀው ነገር አልነበረም። «አዙሪው» አልኳት። አንዲት የመደመር ምልክት ወደ መቀነስ ለወጠች። ሁለት ሽቦ ከማማታት ያነሰ ሥራ ነው።

ይልማ ከወንበሩ ተነሳ። «አንተ ተቀመጥ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። እሱ ከጎኔ ቆሞ እንዴት እንደምነሳ ነገረኝ፤ ከመሬት ተነሳሁ። አፍንጫዋ መነሳት ጀመረ። «ትሪም አድርግ» አለ። እያወቅሁ ቁልፉን ወደ ታች ገፋሁ፤ መሪው ደረቴ ላይ መጣ። «ጨምር።» ጨመርኩ። ቅጠሏ ጫፍ ስትደርስ ፊውዙን አስነቀለኝ። ከዚያ በሁለት እጄ መግፋት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚቻል መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ክንዴ ተቃጠለ፤ ቀጥሎ ተንቀጠቀጠ፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በደረቴ ተደገፍኩበት።

«ስንት ደቂቃ ሆነ?» አለ ይልማ።

«አራት» አለች ሰላማዊት። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

«ልቀቅ።»

ለቀቅሁ። አፍንጫዋ ሰማይ ቀና አለ፣ ቆመች፣ ወደቀች። ስክሪኑ ጠቆረ።

«ይቅር በሉኝ» አልኩት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ የወጣችልኝ ይቺ ብቻ ናት።

ይልማ ከዘራውን ይዞ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «እኔ ያስቀመጥኩህ ልቀጣህ አልነበረም» አለ። «ልነግርህ የምፈልገው ነገር አለ። እንድትሰማኝ መጀመሪያ ክብደቱን እንድታውቀው ፈለግሁ። የዚያን ዕለት ከኋላ ቆመህ በእጅህ ስታሳየኝ እኔ አላየሁህም። ቀበቶዬን እያሰርኩ ነበር። ሳልዞር አውራ ጣቴን አነሳሁ። ዞሬ ቢሆን ኖሮ እጅህ ወደ ላይ ሲያመለክት አያለሁ፤ ስህተት መሆኑን አንተ ባታውቅ እኔ አውቃለሁ፤ አብራሪ ነኝ። መርማሪዎቹ ሆስፒታል መጥተው፣ ‹ፍተሻውን አይተሃል?› ሲሉኝ፣ ‹አይቻለሁ፣ ትክክል ነበር› አልኩ።»

«ሻምበል ባሻ…»

«አውቃለሁ። እኔ እውነቱን ብናገር ጥፋቱ ለሦስት ይካፈል ነበር። እሳቸው ብቻቸውን ግምጃ ቤት አይገቡም ነበር። የት ናቸው?»

«ሞተዋል። ቆይቷል።»

ከዘራው ላይ አገጩን አስደግፎ ወለል ወለሉን ማየት ጀመረ። ሰላማዊት ኮምፒውተሩን ዘግታ ቀስ ብላ ወጣች። እኔ ተቆጣሁ ብል ዋሸሁ፤ ቀለለኝ ብልም ዋሸሁ። ብቻ ያን ቀን አመሻሽ ላይ ቤቴ ወሰድኩት፤ ቦይና የምንለውን የአገራችንን ሥራሥር በሚያቃጥለው ዳታ በርበሬ በልተን ስለ ልጆቻችን አወራን።

የሲሙሌተሩን ነገር እዚህ ላይ ልጨርስ። ሰላማዊት ሥራውን ላከች። የድርጅቱ ባለቤት፣ ተጫዋቾች ከበደን ብለው ያማርራሉ ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አማረሩም። ፈታኞቹ አብራሪዎች ግን አንድ ላይ ሆነው «አትንኩት» አሉ። ጄቷ በሰላማዊት እጅ ቀረች። አሁን ለሁለተኛ አውሮፕላን ውል ይዛለች፤ ጭራ ላይ ስትደርስ ትደውልልኛለች።

የቀረኝ የማግስቱ ጠዋት ነው። ይልማ አውቶቡሱን አሳልፎ ቀረ። የሻምበል ባሻ ልጅ ስልክ ይኖረኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ከዚያው ግሩፕ ጠይቀን ረፋዱ ላይ አገኘን። ትዕግሥት ትባላለች። ይልማ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተው። ማን እንደሆነ ነገራት። ያደረገውን አንድም ሳያስቀር ነገራት። ቀጥሎ እኔ የእኔን ነገርኳት።

እስከ መጨረሻው ሰማችን። «ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር» አለች። «ከዚያ በፊት አባቴን የማየው እሑድ እሑድ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፣ ከተኛን በኋላ ይገባል። ግምጃ ቤት ከገባ በኋላ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ቤት ይመጣ ጀመር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሒሳብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ለእኔና ለወንድሜ ከዚያ የተሻለ ዘመን አልነበረም።» ትንሽ ሳቀች። «ግን እየበላን አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ጉርሻውን ይይዝና ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አይጎርስም። ሁለቱንም ነው የምነግራችሁ። አንዱን ብቻ ብነግራችሁ አባቴን አላውቀውም ማለት ነው።»

«ይቅርታ አድርጊልን» አለ ይልማ።

«እኔ ምን አገባኝ፣ ጋሼ። እሱ ስለ እናንተ ክፉ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ደውሉልኝ ብቻ፤ አልፎ አልፎ ደውሉልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ይልማ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው። ውጭ ከዳሞት ተራራ ጉሙ ተገፎ ነበር፤ ባጃጆች መንገዱን ሞልተውታል።

«ምሳ በልተሃል?» አለኝ።

«አልበላሁም።»

«ተነስ እንግዲህ።»

ከዘራውን አቀበልኩትና ወጣን።